የጌርኒካ ሸራ፤ የሰው ልጅ ሥቃይ በዘመናዊ ሥዕል

የሰው ልጅ ሥቃይ ለሠዓልያን አዲስ ርእስ አይደለም። በኢትዮጵያም ሆነ በአውሮፓ የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች በስቅለትና በሰማዕታት ገድል የተሞሉ ናቸው። ይሁን እንጂ በነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ሥቃይ ፍጻሜ አለው፤ የሰማዕቱ አንገት ሲቀላ አክሊል የያዘ መልአክ ከበላዩ ይታያል፤ ተመልካቹም መከራው ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ያውቃል። ዘመናዊው ሥዕል ከጥንታዊው የተለየው መልአኩንና አክሊሉን ከሸራው ላይ ያነሣ ዕለት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ሟቹ የሚሞተው ያለ አክሊል ነው፤ ተመልካቹም ያለ መጽናኛ ይቀራል።

ለዚህ ለውጥ መነሻ ተደርጎ ዘወትር የሚጠቀሰው ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጎያ ነው። በግንቦት ወር 1808 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የማድሪድ ሕዝብ በናፖሊዮን ጦር ላይ ተነሣ፤ በማግስቱም ገና ሳይነጋ የፈረንሳይ ወታደሮች የያዟቸውን ሰዎች ከኮረብታ ሥር እያሰለፉ ረሸኑ። ጎያ ይህን ድርጊት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1814፣ ሣለው። የተኳሾቹ ፊት አይታይም፤ የሚታየው በአንድ መስመር የተዘረጋው ጠመንጃቸውና የጎበጠው ጀርባቸው ብቻ ነው። በመካከል መሬት ላይ አንድ ትልቅ ፋኖስ ተቀምጧል። ፋኖሱ የተለኰሰው ተኳሾቹ ዒላማቸውን አጥርተው እንዲያዩ ነው እንጂ ለሟቾቹ ተብሎ አይደለም። ብርሃን እስከዚያ ዘመን ድረስ በሥዕል ውስጥ የሰማይ በረከት ምልክት ነበረ፤ ጎያ የገዳዮች መሣሪያ አደረገው። የዚያኑ ጦርነት ሰቈቃ በመዳብ ላይ የቀረጸባቸው 82 ሥራዎችም ነበሩት፤ ነገር ግን በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ለማውጣት አልደፈረም። ከመካከላቸው 80ው የታተሙት በ1863፣ እርሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

ከጎያ ቀጥሎ የሚመጣው የፈረንሳዊው የቴዎዶር ጄሪኮ ሥራ በተለይ ለመሐንዲሶች ቅርብ ነው። በሐምሌ 1816 «ሜዱዛ» የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ በሞሪታንያ ጠረፍ አጠገብ ከአሸዋ ደለል ላይ ተቀረቀረች። አዛዥዋ ከሃያ ዓመት በላይ ባሕር ላይ ሳይሠራ ቆይቶ ለንጉሡ ታማኝ በመሆኑ ብቻ የተሾመ ሰው ነበር። የሕይወት አድን ጀልባዎቹ ለሁሉ ስላልበቁ፣ ከመርከቧ እንጨት 20 ሜትር በ7 ሜትር ያህል የሆነ ታንኳ መሰል ርብራብ ተሠርቶ 147 ሰዎች ተጫኑበት። ጀልባዎቹ ይጐትቱታል ተብሎ ነበር፤ ጥቂት እንደ ሄዱ ገመዱ ተለቀቀ። ከ13 ቀን በኋላ ሌላ መርከብ ሲደርስላቸው በሕይወት የተገኙት 15 ብቻ ነበሩ። ከተረፉት አንዱ ኮሬያር የተባለ መሐንዲስ ነው፤ እርሱና የመርከቧ ሐኪም ሳቪኚ የሆነውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጡ፤ መንግሥትም አፈረ።

ጄሪኮ ከሁለቱም ጋር ተገናኘ፤ ከአደጋው የተረፈውን አናጢ አስጠርቶ የርብራቡን ሞዴል በትክክለኛ መጠን አሠራ፤ በሆስፒታል እየተገኘ የሕሙማንንና የሙታንን አካል አጠና። በ1819 ለሕዝብ የቀረበው ሥዕል ቁመቱ 4.91፣ ወርዱ 7.16 ሜትር ነው። ሠዓሊው ጥላውን ለማጥቈር ሬንጅ ነክ ቀለም ተጠቅሞ ነበርና፣ ሬንጅ ደግሞ ፈጽሞ የማይደርቅ ነገር በመሆኑ፣ ሸራው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠቈረና እየተኮማተረ ሄዷል። መለኪያውን ሁሉ የጠበቀ ሰው የሥራ ዕቃውን ባሕርይ ሳይጠብቅ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

እንግዲህ ጄሪኮ ሥቃይን የሣለው እንደ መርማሪ ነው፤ ለካ፣ ጠየቀ፣ አረጋገጠ። ከ118 ዓመት በኋላ በዚያችው በፓሪስ የተሣለው የጌርኒካ ሥዕል ግን መለኪያ የሚባል ነገር የለበትም። ሆኖም የደረሰውን ጥፋት በዓለም ኅሊና ውስጥ ያቆመው እርሱ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ከድርጊቱ መነሣት ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ሰኞ በጌርኒካ የገበያ ቀን ነው። ከተማዋ በሰሜን ስፔን በባስኮች ምድር የምትገኝ፣ ሕዝቧ ከ5 እስከ 7 ሺህ የሚገመት ትንሽ ከተማ ነበረች። ባስኮች ሸንጎ የሚቀመጡባት፣ ገዥዎች መብታቸውን ለመጠበቅ የሚምሉባት የወርካ ዛፍ ያህል የምትከበር የባሉጥ ዛፍ በዚያ አለች። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ የጄኔራል ፍራንኮ ጦርም ወደ ቢልባዎ እየገፋ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ የጀርመን ኮንዶር ክፍለ ጦር አውሮፕላኖች፣ ከነርሱም ጋር የኢጣልያ አውሮፕላኖች፣ በከተማዋ ላይ ደረሱ። ድብደባው በየዙሩ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ።

የተጣለው ቦምብ ከ30 እስከ 40 ቶን ይገመታል። ዋናው ነገር ግን ብዛቱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ እስከ 250 ኪሎ የሚመዝኑ ፈንጂዎች ጣራና ግድግዳ ያፈርሳሉ፣ የውሃ ቧንቧ ይቈርጣሉ፣ ሰዉን ወደ ምድር ቤት ይነዱታል። ከዚያ አንድ አንድ ኪሎ የሚመዝኑ አቃጣይ ቦምቦች፣ ውጫቸው ማግኔዝየም፣ ውስጣቸው ቴርሚት የሆኑ፣ በተከፈተው ጣራ አልፈው በእንጨቱ ወለልና ተሸካሚ ላይ ይረግፋሉ። ቴርሚት የሚነድበትን ሙቀት ለሙያው ሰው መንገር አያሻም። ለማምለጥ ወደ እርሻ የወጣውን ሕዝብ ደግሞ ተዋጊ አውሮፕላኖች ዝቅ እያሉ በመትረየስ ይከታተሉታል። ይህ የተጠና፣ የተቀመረ አሠራር ነበር፤ ያጠኑትና የቀመሩትም ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከከተማዋ ቤቶች ሦስት አራተኛው ያህል ጠፋ። የጦር ዓላማ ነው የተባለው የሬንቴሪያ ድልድይ ሳይመታ ቀረ፤ በከተማዋ ዳር የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካም አልተነካም፤ የባሉጧ ዛፍም ተረፈች። የሟቾቹን ቍጥር የባስክ መንግሥት 1,654 ብሎ ነበር፤ የኋላ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ከ150 እስከ 300 ባለው ውስጥ ያደርጉታል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ለዚህ ሁሉ ቀዳሚ ምስክር የሆነው ሰው ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ጆርጅ ስቲር በደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ ያን ጊዜ 27 ዓመቱ የነበረ ጋዜጠኛ ነው። በ1935 የለንደኑ «ታይምስ» ወኪል ሆኖ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የኢጣልያን ወረራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሏል፤ ከሰማይ በሚወርድ ቦምብና በመርዝ ጋዝ የሚያልቅ ሕዝብ ምን እንደሚመስል የተማረው በኢትዮጵያ ነው። በግንቦት 1936 ወራሪዎቹ ከአገር አስወጡት። የኢትዮጵያን መከራ በመጽሐፍ ጽፎ አወጣ፤ ዓለም ግን ብዙም አልሰማውም። የጌርኒካ ዕለት ቢልባዎ ነበረ፤ በዚያው ሌሊት በመኪና ሄዶ ከተማዋ ስትነድ ደረሰ፤ ነዋሪዎቹን ጠየቀ፤ ሳይፈነዱ የቀሩ አቃጣይ ቦምቦችን አንሥቶ የጀርመን ፋብሪካ ማኅተም አገኘባቸው። ዘገባው ሚያዝያ 28 ቀን 1937 በለንደንና በኒው ዮርክ ጋዜጦች ወጣ። ያ ሰው በኋላ በ1940 እና በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በጠላት ወታደሮችና በባንዶች ላይ ከአውሮፕላን የሚበተኑ የአማርኛ ወረቀቶች ያዘጋጅ ነበር። በ1944 በገና ዕለት በእስያ የጦር ግንባር በመኪና አደጋ ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ማስታወስ ተገቢ ነው። ጌርኒካ ከመደብደቧ 66 ቀን አስቀድሞ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ጦርና ሸሚዝ ጥቁሮች ለሦስት ቀን ሕዝቡን በአካፋ፣ በጥይትና በእሳት ፈጁት። ስቲር ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አልነበረም። ያ እልቂት በነሐስ ተቀርጾ በስድስት ኪሎ የቆመው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ በዩጎዝላቪያውያኑ ቀራፂዎች በአውጉስቲንቺችና በክርሺኒች እጅ ነው።

የስቲር ዘገባ ባይኖር ኖሮ የጌርኒካ ነገር በሐሰት ተሸፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። ምክንያቱም የፍራንኮ ወገን ወዲያውኑ «ከተማዋን ያቃጠሉት ሲሸሹ የነበሩት ባስኮች ራሳቸው ናቸው» ብሎ ዐወጀ፤ በስፔንም ውስጥ ይህ አነጋገር ለአሥርተ ዓመታት በመንግሥት ደረጃ ሲነገር ኖረ። የጀርመን ፕሬዚዳንት የአገራቸውን ኀላፊነት በይፋ በደብዳቤ ያመኑት በ1997፣ ድብደባው 60 ዓመት ሲሞላው ነው።

ፓብሎ ፒካሶ በዚያን ጊዜ የ55 ዓመት ሰው ሆኖ በፓሪስ ይኖር ነበር። በ1937 መጀመሪያ የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት በፓሪስ ለሚከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ሉዊስ ላካሳና ጆዜፕ ልዊስ ሰርት የተባሉ አርክቴክቶች ለነደፉት የስፔን አዳራሽ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል እንዲሠራ ጠይቆት ነበር። ለወራት ምንም የረባ ነገር አልሠራም፤ የሞከራቸው ንድፎች ስለ አንድ ሠዓሊና ስለ ሞዴሉ ነበሩ። የጌርኒካ ወሬ በፓሪስ ጋዜጦች ከወጣ በኋላ ግን፣ ግንቦት 1 ቀን፣ የመጀመሪያዎቹን ንድፎች ነደፈ። ግንቦት 11 ገደማ በሸራው ላይ ጀመረ፤ በሰኔ መጀመሪያ ጨረሰ። 27 ካሬ ሜትር ሸራ በአንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ማለት ነው። ሸራው ቁመቱ 3.49፣ ወርዱ 7.77 ሜትር በመሆኑ ከሥራ ክፍሉ ጣራ ጋር ስላልተስማማ ዘንበል ብሎ ነው የቆመው፤ ላይኛውን ክፍል በመሰላልና ረጅም እጀታ ባለው ቡሩሽ ቀባው። ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶራ ማር ሥራውን ደረጃ በደረጃ አንሥታዋለችና፣ ሠዓሊው ምን አስቦ ምን እንደ ተወ ዛሬ ማየት ይቻላል።

ከተዋቸው ነገሮች ዋነኛው አንድ ክንድ ነው። በመጀመሪያ የወደቀው ወታደር ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ እጁን ጨብጧል፤ ቀጥሎ በጭብጡ ውስጥ እህል ያዘ፣ ከበስተኋላውም ፀሐይ ወጣች። የድል ተስፋ ምልክት መሆኑ ግልጽ ነው፤ የሪፐብሊኩ ወገን የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። ፒካሶ ግን ክንዱን አጠፋው። ፀሐይዋን ወደ ዐይን ለወጣት፤ በዐይኑም ውስጥ የኤሌክትሪክ አምፑል ሰቀለ። ሥዕሉ ፕሮፓጋንዳ ከመሆን የዳነው በዚህ ውሳኔ ነው። ደፋር ውሳኔ ነበር፤ ምክንያቱም በጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ከፍሎ የሚያሠራውን ሥዕል ተስፋውን መንቀል ቀላል ነገር አይደለም።

በተጠናቀቀው ሥዕል ላይ ቀለም የለም፤ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ጋዜጣ ፎቶግራፍ። በፈረሱ ገላ ላይ የተደረደሩት አጫጭር መስመሮችም የጋዜጣ ፊደል ይመስላሉ። በግራ በኩል የሞተ ልጇን የታቀፈች እናት ወደ ላይ አንጋጣ ትጮኻለች፤ ከበላይዋ አንድ በሬ ቆሟል። በመካከል በጦር የተወጋ ፈረስ ይወራጫል። ከሥሩ የተሰበረ ሰይፍ የያዘ እጅ አለ፤ ከሰይፉ አጠገብ አንዲት ትንሽ አበባ። በቀኝ በኩል አንዲት ሴት ከመስኮት ብቅ ብላ ኩራዝ ትዘረጋለች፤ ሌላዋ እግሯን እየጐተተች ትሮጣለች፤ የመጨረሻዋ በእሳት ውስጥ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ትወድቃለች። በኢትዮጵያ የአሣሣል ልማድ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል፤ እዚህ ደግሞ ሁሉም ወደ ጎን የዞሩ ሆነው ሁለቱም ዐይኖቻቸው ይታያሉ። ከሥቃያቸው ወደየትም ሊሸሹ አይችሉም።

ይህን ሥዕል ደጋግሞ ያየ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። አውሮፕላን የለም። ቦምብ የለም። የጀርመን ምልክት የለም። ገዳዩ ከነጭራሹ አልተሣለም። ጎያ ተኳሾቹን ፊታቸውን ቢሸሽግም በሥዕሉ ውስጥ አቁሟቸዋል፤ በ1937 ግን ገዳዩ ከሰማይ ላይ ነው፤ ሟቹም አያየውም። ፒካሶ የሣለው ከመሬት የሚታየውን ያህል ብቻ ነው። የጄሪኮን ዓይነት መረጃ ያልያዘ ሥዕል ከመረጃ ይልቅ እውነተኛ ሊሆን የቻለው በዚህ ይመስላል። የአየር ድብደባ ባሕርይ ራሱ፣ ማለትም ሥቃዩ እዚህ ሆኖ አድራጊው ሌላ ቦታ መሆኑ፣ በአሣሣሉ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱ መብራቶችም ዝም ብለው የገቡ አይደሉም፤ አምፑሉ ከበላይ በብርድ ያበራል፣ ምንም አይረዳም፤ ኩራዙን የያዘችው ሴት ግን ልታይ መጥታለች። የጎያ ፋኖስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ይቻላል።

የስፔን አዳራሽ ሐምሌ 12 ቀን ተከፈተ። በዚያው ኤግዚቢሽን የሂትለር ጀርመንና የሶቪየት ኅብረት አዳራሾች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ነበር። ሥዕሉ የተሰቀለው በአዳራሹ መግቢያ ሲሆን፣ በፊቱ ከአልማዴን ማዕድን በመጣ ባዚቃ የሚፈስ የአሌክሳንደር ካልደር ፏፏቴ ቆሞ ነበር። የሕዝቡ አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር። ብዙዎች የወደዱት በዚያው አዳራሽ የነበረውን የኦራስዮ ፌሬርን ሥዕል ነው፤ በእርሱ ላይ የማድሪድ ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ሰማይ ሲያዩ በግልጽ ይታያሉና። ይህ አያስወቅሳቸውም፤ የፌሬር ሥራ በቅን ልብ የተሠራ ጥሩ ሥዕል ነው። ዛሬ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሸራው መንገደኛ ሆነ። በ1938 ወደ ስካንዲናቪያ፣ ቀጥሎ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በጥር 1939 በምሥራቅ ለንደን በሠራተኞች ሰፈር ሲታይ የመግቢያው ዋጋ ለሪፐብሊኩ ወታደሮች የሚላክ አንድ ጥንድ ጫማ ነበር። በማንቸስተር በመኪና መሸጫ አዳራሽ ተሰቀለ። ሪፐብሊኩ ከተሸነፈ በኋላ በ1939 ለስደተኞች ርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ ኒው ዮርክ ተጫነ፤ ጦርነትም ስለ ተነሣ በዚያው በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ቀረ። በ1950ዎቹ ወደ ሚላኖ፣ ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ ወደ ጀርመንም ሳይቀር ተመላለሰ። በየጉዞው ከእንጨት ክፈፉ እየተነቀለ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይወጠራል፤ ይህም ከ30 ጊዜ በላይ ሆነ። ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ጠርዙ በሚስማር ተበላ። በ1957 ጀርባው በሰምና በሙጫ ተለብጦ ተጠናከረ፤ ይህ ሸራውን አጸናው፣ ነገር ግን አከበደው። በ1974 አንድ ሰው በቀይ ቀለም ጻፈበት፤ በላዩ ላይ የመከላከያ ቫርኒሽ ነበርና ቀለሙ ሳይዘልቅ ተጠረገ።

ፒካሶ በስፔን ነፃነት እስኪመለስ ድረስ ሥዕሉ ወደዚያ እንዳይሄድ አዝዞ ነበር። እርሱ በ1973፣ ፍራንኮ በ1975 ሞቱ። የስፔን መንግሥት ባለቤትነቱን ካስረዳባቸው ነገሮች አንዱ በ1937 ለሠዓሊው 150,000 ፍራንክ የተከፈለበት ሰነድ ነው፤ ከጥበቡ ሁሉ በላይ አንድ የክፍያ ደረሰኝ ነገሩን ቈረጠው። መስከረም 10 ቀን 1981 ሸራው ማድሪድ ገባ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ፣ በጠባቂዎች ታጅቦ፣ ለሕዝብ ታየ። በ1992 ወደ ሬይና ሶፊያ ቤተ መዘክር ተዛወረ፤ መስታወቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ተነሣ።

ሥዕሉ የሥልጣን ሰዎችን ማሳፈሩን አላቆመም። በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት መግቢያ ከ1985 ጀምሮ በክር የተሠራ ቅጂው ተሰቅሎ ነበር። በየካቲት 5 ቀን 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፖውል ስለ ኢራቅ ጦርነት ሊናገሩ በመጡበት ቀን ቅጂው በሰማያዊ መጋረጃ ተሸፈነ። የተሰጠው ምክንያት ለቴሌቪዥን ካሜራ የሚመች ጀርባ ያስፈልጋል የሚል ነው።

በ1998 የተደረገው ምርመራ በሸራው ላይ 129 ጉዳቶችንና ለውጦችን መዝግቦ ከእንግዲህ ከቦታው መንቀሳቀስ እንደሌለበት ደመደመ። በ2012 በሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ ሮቦት ቤተ መዘክሩ በሚዘጋበት ሰዓት እየተሠራበት ከሸራው ፊት ቆሞ በአልትራቫዮሌትና በኢንፍራሬድ ጨረር እያንዳንዱን ክፍል በሺዎች በሚቈጠሩ ምስሎች አነሣ። ስለዚህም ባስኮች ሥዕሉ ወደ አገራቸው እንዲመጣ በየጊዜው ያቀረቡት ጥያቄ በቴክኒክ ምክንያት ሳይፈጸም ቀርቷል። በጌርኒካ ከተማ ለጆርጅ ስቲር የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። ከፒካሶ ሥዕል ግን በከተማዋ ያለው በአንድ ግድግዳ ላይ በሸክላ ንጣፍ የተሠራ ቅጂ ነው፤ ከሥሩም ዋናው ሸራ ወደ ጌርኒካ ይምጣ የሚል ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ ተጽፏል።